ያን እሑድ ተሸንፈን ነበር

ይድረስ ለስዩሜ፤

እንደ ወጉ ጤናህን እንዳልጠይቅ አንተ ከሕመም ወጥተሃል። የኔን እንዳልነግርህ ያው ታውቀዋለህ፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያለቅሳል፣ ሌላው ደህና ነው፣ ተመስገን። ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሞላን ሦስት ሳምንት ቀረው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር አልጻፍኩልህም። መቃብርህ ላይ ቆሜ አወራሃለሁ፣ መኪና ውስጥ አወራሃለሁ፣ ወጥ ሳማስል አወራሃለሁ፤ ግን የምፈራውን ነገር እየዘለልኩ ነበር። ዛሬ ሰኞ ነው፣ ሥራ የለኝም። ቁጭ ብዬ ሳልዘል ልጽፍልህ ነው።

ስዩሜ፣ ሁለት ነገር ዋሽቼሃለሁ። አንዱ ስለዚያ ስለምትወደው ጎረምሳ ኳስ ወርዋሪ፣ ኳርተርባክ ስለምትለው ልጅ ነው፤ ሌላው ስለ ናሆም፣ ስለ አንድ ልጃችን። በመጀመሪያው ትስቅብኛለህ። በሁለተኛው ግን እኔና ልጅህ ሁለት ዓመት ያህል ተኳርፈን ኖርን። ቤቴ የሚመጣው እንደ ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ ነበር፤ ሥራውን ይሠራል፣ ኦኬ ይላል፣ ውልቅ። ያለፈው ሳምንት ብጽፍልህ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ይቅር በለኝ ብሎ የሚያልቅ ይሆን ነበር። ትናንት ግን ነገሩ ተገለባበጠ። በቅደም ተከተል ልንገርህ፤ ወሬ ከመሃል ሲጀመርብህ አትወድም።

መጀመሪያ የቤቱን። አሁንም ኢገን ከተማ፣ ያው አፓርትመንት ውስጥ ነኝ። ምንጣፉን ቀይረውታል፤ ግራጫ ነው፣ ቆሻሻ አያሳይም፣ አንተ ብታየው የሆቴል ኮሪደር ትለው ነበር። ሐምራዊዋ የቡድንህ ኮፍያ በሩ ጀርባ ላይ እንደተሰቀለች ናት፤ በየሳምንቱ አቧራዋን አራግፌ እመልሳታለሁ። ወንበርህ ላይ አሁን የሚቀመጡት ጋሽ ኪዳኔ ናቸው፤ ያ የታችኛው ፎቅ አሥመሬ ጎረቤታችን። ሰባ ስምንት ሞላቸው፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፣ አፋቸው ግን ምርኩዝ አይፈልግም። እሑድ እሑድ፣ እኔ ከቅዳሴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ በሩን በምርኩዛቸው ሁለቴ መታ ያደርጉና ወይዘሮ አልማዝ፣ ጀመረ እኮ! ይላሉ።

አዎ፣ ያንን የአሜሪካን ፉትቦልህን ማየት ጀምሬያለሁ። እኔ! ያቺ ሆን ብላ በቴሌቪዥኑ ፊት ልብስ እያጠፈች የምትመላለሰው አልማዝ። አንተ ይህን ጨዋታ የተማርከው ከኤርፖርት ብሉሚንግተን እስካለው ሆቴል በሹፌርነትህ ከምታመላልሳቸው እንግዶች ነው። ሻንጣ ስትጭን አንድ ሕግ፣ ሻንጣ ስታወርድ ሌላ ሕግ እየለቀምክ ሊቅ ሆንክ። እኔ ግን ኳስ ብለውት በእጅ አቅፈው የሚሮጡትን ነገር ምኑን ልየው እያልኩ ሳሾፍብህ ኖርኩ። ቅዳሴ ላይ ስልክህን በነጠላህ ሥር ይዘህ ውጤት ስትሰርቅ የያዝኩህ ቀን ትዝ ይልሃል? ጎንህን ብቆነጥጥህ አሜን አልክ፤ አሜን የማይባልበት ቦታ ላይ። የፊቱ ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩን።

የሐዘኑን ዓመት ቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁር ነጠላ ጣል አድርጌበት ነው ያሳለፍኩት። ሙት ዓመትህን ካወጣን በኋላ፣ አንድ እሑድ ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ ነጠላውን አነሳሁና ከፈትኩት። ጨዋታውን ፈልጌ አይደለም፤ የእሑድህን ድምፅ ፈልጌ ነው። ሕዝቡ ሲጮህ ቤቱ ሰው ያለበት መሰለኝ። ተቀመጥኩ፣ አለቀስኩ፣ ደግሞ በመሃል ምን ሆነው ነው የሚጮሁት ብዬ ማየት ጀመርኩ። ዘንድሮ አንድም እሑድ አላመለጠኝም።

ያ ጎረምሳህ አለልህ። አንተ የታመምክ ዓመት አዲስ የገባው፣ ኳሷ በእጁ የምታልፈው፣ የቡድኑ ሁሉ ነገር ጫንቃው ላይ የተጣለበት ልጅ። ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ምን ልበልህ፣ ያው ነው! አንድ እሑድ ሲወረውር ኳሷ ግማሽ ሜዳ አቋርጣ ሮጦ የሚደርሰው ሰው እቅፍ ውስጥ ትገባለች፤ እልል ብዬ እነሳለሁ፣ ጉልበቴን እረሳዋለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ሁለት እርምጃ ላይ ለቆመ ሰው ውሻ እንደሚያባርር ሰው ድንጋይ ይወረውርበታል። ወይ እግሩ ሥር ይተክላታል። ጭራሽ ለባላጋራ ይሰጣል! ጋሽ ኪዳኔ ኢንተርሴፕሽን ይሉታል፤ እኔ ማስረከብ እለዋለሁ፣ እንካ ብሎ እጁ ላይ ማስቀመጥ። ደሜ ይፈላል። መጥፎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተስፋ ቆርጬ አርፍ ነበር እኮ። የሚያናድደኝ መቻሉ ነው። ያለፈው ሳምንት የቻለውን ዛሬ እንዴት ያቅተዋል? ማን ወሰደበት?

ጋሽ ኪዳኔማ ከመስከረም ጀምሮ ይቀየር ባይ ናቸው። ጢሙ የሸበተ አንድ አንጋፋ ተጠባባቂ አለ፤ እሱ ይግባ ይላሉ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፣ ወይዘሮ አልማዝ! እያሉ ምርኩዛቸውን ግራጫው ምንጣፍ ላይ ይደቁሱታል። እኔም ሲብስብኝ አብሬያቸው ይቀየር እላለሁ፤ ብዬ ደግሞ ቀና ስል ኮፍያህን አያታለሁ። አንተ ይህን ቃል አትወደውም ነበር። እጁ ምንም አልሆነ፣ ችግሩ እግሩ ነው ትለኝ ነበር። ሲሮጡበት እግሩን ሳይተክል ይወረውራል፤ እግሩን መትከል ይማራል፣ ጊዜ ስጡት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትልና ቆሎህን ትቆረጥማለህ። እንቁላሉማ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ስዩሜ፤ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ይወድቃል።

እንግዲህ ወደ ውሸቴ ልግባ።

ሆስፒታል የገባህ ጊዜ ሐኪሙ አልጋህ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሁሉን ነገር ፊት ለፊት ነገረህ። የዚህ አገር ሐኪም እንደ እኛ አገር ቤተሰብን ወደ ጎን ጠርቶ አያማክርም። እኔ ያን ቀን ነጭ ግድግዳ እያየሁ በውስጤ እጮህ ነበር። በእኛ ወግ መርዶ እንኳ ቀን ተመርጦለት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ለበሽተኛማ ክፉ ወሬ ጨርሶ አይነገርም። ያንን ወሬ ከሐኪሙ አፍ መንጠቅ አቃተኝ። ስለዚህ ሌላውን ክፉ ወሬ ሁሉ በር ላይ ቆሜ ልመልስልህ ብዬ ማልኩ። ዘበኛ ሆንኩ። የደሴዋ አክስትህ ማረፋቸውን አልነገርኩህም። መኪናህን ፓርኪንግ ላይ ሰው ገጭቷት መሄዱን አልነገርኩህም። ስልክህን ጨረሩ ለበሽተኛ አይሆንም ብዬ ቀማሁህ። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ነርሷ ሪሞቱ የት ገባ ብላ ፍራሹን ስታነሳ እኔም አብሬያት ጎንበስ ብዬ እፈልግ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የመጀመሪያው እሑድ መድኃኒቱ አስተኝቶህ ጨዋታው አለፈ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ባለው ቴሌቪዥን ውጤቱን አይቼው ነበር። ያ ጎረምሳ አራት ጊዜ አስረክቦ፣ ተዋርደው ነበር የተሸነፉት። ከሰዓት በኋላ ዓይንህን ገልጠህ፣ እንዴት ሆኑ? አልከኝ። አሸነፉ አልኩህ። ፊትህ ላይ ብርሃን መጣ። ጎረምሳውስ? አልከኝ። አንደኛ! አልኩህ። እዚያ ላይ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት! አንተ ግን የመጨረሻዋን እንዴት አገባት ብለህ ያዝከኝ። እኔ የጨዋታውን ሀ ሁ የማላውቅ ሴት ፈጠርኩልህ። ኳሷን አቅፎ ራሱ ሮጠ፣ አንዱን በትከሻው ገፈተረው፣ ሁለተኛውን ዘለለው፣ ሦስተኛው እግሩን ሲይዘው ጫማው ወለቀ፣ በአንድ ጫማ ገባ አልኩህ። በአንድ ጫማ! ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ፣ የየትኛው እግር ጫማ ነው የወለቀው? አልከኝ። የግራው አልኩህ። እስኪ ድገሚልኝ አልከኝ። ደገምኩልህ።

ከዚያ በኋላ ስድስት እሑድ ተከታትለን አሸነፍን። ከስድስቱ በእውነት ያሸነፉት አንዱን ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እንዳትጠራጠር ብዬ አሳንሼ ነገርኩህ። በየሳምንቱ አዲስ ነገር መፍጠር ነበረብኝ። አንዴ በረዶ ውስጥ ተንሸራተው ገቡ፣ አንዴ አሠልጣኙ በደስታ አለቀሰ። ሜዳቸው ጣሪያ ያለው መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር፤ አንተ ግን በረዶው ብዙ ነበር? ብለህ ብቻ ጠየቅከኝ።

ይህ የመጀመሪያው ውሸት ነው። ሁለተኛው ያንኑ ሰሞን ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የጀመረው። ናሆም ትምህርቱን አንድ ሴሚስተር ሁሉንም ኤ ያመጣል፣ በሚቀጥለው ይወድቃል፣ ተመልሶ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። ልጄ ኢንጂነር ሊሆን ነው እያልክ የሆቴሉን እንግዳ ሁሉ ስታሰለች ኖረሃል። ያን ቀን መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን፣ ማም፣ ትምህርቱን ትቼዋለሁ፣ ኤሌክትሪሺያን ለመሆን ተመዝግቤያለሁ አለኝ። ክው አልኩ። ምን እንዳልኩት ልንገርህ፣ አልሸሽግም። አባትህ ይህን ከሰማ ዛሬውኑ ይሞታል፣ ትንፍሽ እንዳትል አልኩት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። እኔ ወደ ላይ ወጥቼ፣ ናሆም ፈተና ላይ ነው፣ ዘንድሮ ሁሉንም ኤ ነው አልኩህ። ተመስገን አልክና ፊትህን ወደ መስኮቱ አዞርክ። በሳምንቱ ያንኑ ስደግምልህ ግን፣ አልሚ፣ ናሆምን አትቸኩይበት፣ ጊዜ ስጪው አልከኝ። ሁሉንም ኤ ላመጣ ልጅ የምን ጊዜ ነው የሚሰጠው? የመድኃኒቱ ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት።

አንተ አርፈህ፣ የአርባህ ዕለት ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ሲሄድ፣ ናሆም ወጥ ቤት ትልቁን ብረት ድስት ያጥባል። ጀርባውን ሳየው ምን እንደነካኝ አላውቅም። አባትህ ኢንጂነር ልጅ አለኝ ብሎ ነው የሞተው፣ በሞት አልጋው ላይ ውሸታም አደረግከኝ አልኩት። ሌላም አልኩት። አንድ ጊዜ ሰው፣ አንድ ጊዜ ጉድ የምትሆነው እስከ መቼ ነው አልኩት። ድስቱን ደፋው፣ እጁን አደረቀ፣ ጃኬቱን ለበሰ፣ ሄደ። በሳምንቱ ከጓደኞቹ ጋር ሮዝቪል ከተማ ሄዶ ቤት ተከራየ። ከዚያ ወዲያ የመኪናዬን ዘይት ለመቀየር፣ የጭስ መጠቆሚያውን ባትሪ ለመለወጥ ይመጣል። በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ እሱንም ቆጥቦ። የማይመጣ ቢሆን እቆጣ ነበር፤ መጥቶ የማይቀመጥ ልጅ ግን ምን ይባላል? እኔም ኩሩ ነኝ፣ ታውቀኛለህ፤ ቀድሜ አልተነፍስም አልኩ። ግን ስዩሜ፣ ከእሱ ይልቅ የከበደኝ ያንተ ነገር ነበር። አርባ ዓመት አንድ ትራስ ላይ ያደርኩትን ሰው በውሸት ሸኘሁት እያልኩ ነበር የምተኛው።

እንግዲህ ትናንት።

የወጥ ቤቱ ማብሪያ ማጥፊያ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀምሮ ነበርና ናሆም መሣሪያውን ይዞ መጣ። እኔና ጋሽ ኪዳኔ ሳሎን ነን። ጎረምሳህ የመጀመሪያውን አጋማሽ ምን ልበልህ! ሁለት ጊዜ አስገባ፤ አንዷን ሦስት ሰው ላይ አሳልፎ፣ በጣት መካከል በምታልፍ ቀዳዳ። ጋሽ ኪዳኔ እንኳ ትግርኛቸው መጣ። እኔ እሰይ የኔ ልጅ፣ እሰይ! እያልኩ ነበር። ከዕረፍት መልስ ግን ያ ልጅ የት እንደገባ እንጃ። ሲሮጡበት እግሩን ሳይተክል ወረወረ፣ አስረከበ። ደገመ። ሲመሩ የነበሩት ሰዎች በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተመሪ ሆኑ። ጋሽ ኪዳኔ ይቀየር! ብለው ተነሡ። እኔም ተነሣሁ። አንድ ጊዜ ሰው፣ አንድ ጊዜ ጉድ፣ እስከ መቼ ነው? ያውጡት! ብዬ ጮህኩ።

ወጥ ቤት ውስጥ ሲሠራ የነበረው የመሣሪያ ድምፅ ቀጥ አለ። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፣ የገዛ አፌን። ያንኑ ቃል ነው ለልጄ ያልኩት። ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ኪዳኔ የኔን ነገር አላወቁም። ስዩም እንኳን ይህን አላየ፣ ደግ ጊዜ ነው የሄደው አሉ። እኔ ሳቄ መጣ። አይ ጋሽ ኪዳኔ፣ ስዩም እኮ ሰባት ጊዜ አሸንፎ ነው የሞተው ብዬ ጀመርኩና፣ የሪሞቱን፣ የበረዶውን፣ የአንድ ጫማውን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ስስቅ፣ ስስቅ፣ ሳቁ መንገድ ቀየረብኝ። ስዩምን ዋሽቼ ቀበርኩት አልኩ፤ ለማን እንደምናገር እንኳ አላወቅሁም። በጨዋታውም ዋሸሁት፣ በልጁም ዋሸሁት፣ እውነት ሳይሰማ ሄደ ብዬ ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩት።

ቀና ስል ናሆም ጠመንጃ መፍቻ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። በእንግሊዝኛ ነው የተናገረው፣ ቀስ ብሎ፤ ማም፣ አባዬ ያውቅ ነበር አለኝ።

ምኑን? አልኩት። ሁሉንም አለኝ።

መጥቶ እግሬ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ያኔ ሰኞ ሰኞ እኔ በምሠራበት የአዛውንት መጦሪያ ተረኛ ስሆን እሱ አንተ ዘንድ ይመጣ እንደነበር አውቃለሁ፤ ምን ትሠሩ እንደነበር ግን አላውቅም ነበር። ያን የመጀመሪያ ሰኞ ገና ሲገባ፣ ስልክህን አውጣ፣ እናትህ ጫማው ወልቋል ብላለች፣ ጫማውን ማየት እፈልጋለሁ አልከው አሉ። አንድ ላይ ተደፍታችሁ አያችሁ። ጫማ የለም። አራት ጊዜ ማስረከብ አለ። አራተኛዋን ደጋግመህ አሳየኝ እያልክ፣ በግራው እግር ነው አለችኝ እኮ እያልክ፣ የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫህ እስኪወልቅ ሳቅህ፤ ነርሷ ደንግጣ ሮጣ መጣች። ስዩሜ! እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስዋሽህ፣ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ትሰማኝ የነበረው ለዚህ ነው?

ሳቁ ሲያልቅ ናሆም አለቀሰ፤ ትምህርቱንም ነገረህ። እኔ አባትህ ይሞታል ብዬ ያስፈራራሁት ልጅ፣ ብቻውን፣ ነገረህ። ከዚያ፣ ሸሽተህ ነው ወይስ ወደምትፈልገው ነገር ሄደህ ነው? አልከው። ሁለቱንም አለህ። እንግዲያው መጀመሪያ እግርህን ትከል፣ ከዚያ ወርውር፤ ብትስትም እግርህን ተክለህ ሳት አልከው። ቀጥለህ ኤሌክትሪክ ምን ተማርክ፣ እስኪ አሳየኝ አልከው፤ እሱም አልጋህን የሚያነሣው ቁልፍ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳህ። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ተጫወታችሁበት። ልጄ ይህን ሲነግረኝ በአማርኛ ነበር የሚነግረኝ፣ በተሰባበረችው አማርኛው፤ ያንተን ቃል በእንግሊዝኛ መናገር አልሆነለትም።

ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም? አልኩት። አትንገራት ብሎኛል አለኝ። እናትህ ጧት ማታ በሩ ላይ ቆማ ክፉ ወሬ የምትመልሰው ለእኔ ብላ ነው፣ ሌላ የምታደርግልኝ ነገር አጥታለች፣ ይህን ሥራዋን አትንጠቃት ብለኸዋል። ደግሞም የእሷ ጨዋታ ከእውነተኛው ይሻላል ብለሃል።

እሺ፣ አንተ ካረፍክ በኋላስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰድበው፣ ሳኮርፈው፣ በአርባህ ያን ሁሉ ስለው፣ አንድ ቃል ተናግሮ አፌን ማዘጋት ይችል ነበር እኮ። ለምን ዝም አልክ፣ ልጄ? አልኩት። አንገቱን ደፍቶ የመፍቻውን እጀታ ሲያሽከረክር ቆየ። አባዬ፣ እናትህ መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ጊዜ ስጣት ብሎኛል አለኝ።

ጊዜ ሲሰጠኝ የኖረው እሱ ነው፣ ስዩሜ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ልጅ መቼ ነው ሰው የሚሆን እያልኩ ስጠብቅ፣ እሱ ዘይቴን እየቀየረ፣ ባትሪዬን እየለወጠ፣ እኔን ይጠብቀኝ ነበር። ያን ሲነግረኝ ጭንቅላቱን ይዤ ደረቴ ላይ አስጠጋሁት። ጋሽ ኪዳኔ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረው በመሐረባቸው አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ቆዩ። በመጨረሻ፣ በሉ እሺ፣ ያ ጎረምሳ እስከ ገና ይቆይ አሉ።

ጨዋታው እንዳለቀ ልጁን አሳዩት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፎጣ ራሱ ላይ ጥሏል። ማንም አጠገቡ አልነበረም፤ ከዚያ ያ ጢሙ የሸበተው አንጋፋ፣ ይግባ የምንለው፣ መጥቶ ከጎኑ ቁጭ አለ። አብሮት ብቻ ተቀመጠ። እናቱ የት ሆና እያየችው ይሆን አልኩ። የማላውቃት ሴት አሳዘነችኝ። ከእንግዲህ ይቀየር አልልም ብዬ ልምልልህ ነበር፤ ግን ይህ ደብዳቤ ውሸት የሌለበት እንዲሆን ስለፈለግሁ አልምልም። ደሜ ሲፈላ እላለሁ። ብቻ ከዚያ መልሼ እቀመጣለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ላይ ሲጠራ ሁለት ዓመት ፈጀ። እዚህ ቤት እስካለሁ ኮፍያህ ከበሩ ጀርባ አትወርድም፣ ስምህም ከአፌ አይወርድም። መቃብርህ ላይ ስመጣ ደጉን ብቻ መርጬ አልነግርህም፤ የከፋውንም እንደከፋ እነግርሃለሁ፣ ሁሉን ስታውቅ ዝም ብለህ የሰማኸኝን ሰው መፍራት ትቻለሁ። አንተም እዚያ ሆነህ፣ አንድ ጫማ የወለቀበት ጨዋታ ካማረህ፣ በሕልሜ ና፤ እደግምልሃለሁ።

ይኸው እውነቱን ልጀምርልህ። ያን እሑድ ተሸንፈን ነበር። ትናንትም ተሸንፈናል። የወጥ ቤቱ መብራት ተሠርቷል። ናሆም እራቱን እዚህ በላ፣ ሁለቴ ጨመርኩለት፤ አሁን ይህን ስጽፍልህ ሶፋው ላይ ተኝቷል፣ ጫማውን ሳያወልቅ።

ያንተው አልማዝ